ከካይሮ እስከ ጅማ፦ የአንድ በረኛ መንገድ

ኅዳር ላይ አጋሮ በቀይ እሸት ቡና ትቀላለች። ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ግድም ርቃ ያለችው ይህች የጎማ ወረዳ ከተማ ከሰዓት በኋላ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ በሰው ትሞላለች። ገበሬው ጠዋት የለቀመውን እሸት በጆንያ አድርጎ፣ ወይ በአህያ ወይ በራሱ ትከሻ፣ ወደ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያወርዳል። ሚዛኑ ፊት ወረፋ አለ። መዛኙ ኪሎውን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ጸሐፊው ስምና ኪሎ በደብተር ያሰፍርና ደረሰኝ ይቆርጣል። ገበሬው ደረሰኙን አራት ጊዜ አጥፎ በደረት ኪሱ ይከታል፤ በላዩም መዳፉን አሳርፎ አለመውደቁን ያረጋግጣል።

ከማድረቂያ አልጋዎቹ ወዲያ ልጆች ኳስ ያባርራሉ። ጎሉ ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ነው፤ አግዳሚ የለውም። በረኛው ከሁሉም ያንሳል፤ ሲያዩት አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው አይመስልም። በቀኝ እግሩ ኮንጎ ጫማ አጥልቋል፣ ግራው ባዶ ነው። ኳሷ በግራው በኩል ስትመጣ ሙሉ ሰውነቱን ዘረጋና በጣቶቹ ጫፍ ገፋት። እሷም እየነጠረች ሄዳ አልጋው ሥር ገባች።

«አንተ ልጅ! ኳሷን ከቡናው አርቋት!» አሉ ቡናውን በእጃቸው የሚያገላብጡት ሽማግሌ።

«እሺ አባባ!» ብሎ ሮጠ፤ ጉልበቱና ክርኑ በቀይ አፈር እንደተለሰኑ።

እኔ የሄድኩት የሌላ በረኛን ታሪክ ይዤ ነበር። የዚያ በረኛ መንገድ ከአክራ ተነሥቶ በካይሮና በጆሃንስበርግ፣ ከዚያም በዳሬሰላም አልፎ ጅማ ደርሷል። የብራዚል ወጣቶችን በዓለም ፍጻሜ ያስለቀሰ ሰው ነው። ጅማም ከእሱና ከሌላ እንግዳ ጋር ሆና በእግር ኳስ ታሪኳ ትልቁን ቀን አይታለች።

የ2010 ክረምት

ጅማ በ2009 ዓ.ም ኀዘንና ደስታ በአንድ ላይ ገጥሟት ነበር። ጅማ አባ ቡና፣ ስሙን ከምድሪቱ ሀብት የወሰደው ክለብ፣ በዚያ ዓመት ከፕሪምየር ሊጉ ወረደ። በዚያው ክረምት ጅማ ከተማ ወደ ላይኛው ሊግ አደገ፤ ስሙንም ጅማ አባ ጅፋር አለ። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ተከፈተ።

አዲስ የመጣ ክለብ በመጀመሪያ ዓመቱ የሚመኘው አለመውረድን ነው። ጅማ አባ ጅፋር ግን በአሠልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ እየተመራ በ2010 ዓ.ም ዋንጫውን አነሣ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከዚያ በፊት 4 ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን ነበር። ጅማ ያንን ሰንሰለት የበጠሰው በግብ ልዩነት ነው። በእንዲህ ያለ ፉክክር እያንዳንዱ የገባ ግብና እያንዳንዱ የዳነ ኳስ ዋንጫ ይሆናል። ገብረመድኅንም በሚቀጥለው ዓመት መቀሌ 70 እንደርታን ይዞ እንደገና ሻምፒዮን ሆነ፤ በሁለት ዓመት ሁለት ክለብ።

ግቡን ያገባው ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ነበር። በ23 ግብ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ጨረሰ። ከበሩ ሥር ደግሞ ጋናዊው ዳንኤል አጄይ ቆመ። አንዱ ያስገባል፣ ሌላው አያስገባም። በግብ ልዩነት ለተወሰነ ዋንጫ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለም። የጅማ ልጆች በመሀል ሜዳ፣ በመከላከልና በክንፍ የለፉት ልፋት ሳይዘነጋ፣ የቡድኑ ሁለት ጫፎች የተያዙት ከምዕራብ አፍሪካ በመጡ እንግዶች ነበር።

ያ የካይሮ ማታ

ጥቅምት 6 ቀን 2002 ዓ.ም በካይሮ ዓለም አቀፍ ስታዲየም ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ተደረገ፤ ጋና ከብራዚል። የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ የጋናው ዳንኤል አዶ በቀይ ካርድ ወጣ። ጋናውያን ከዚያ ወዲያ ጭማሪ ሰዓቱን ጨምሮ በ10 ሰው ተከላከሉ፤ 120 ደቂቃው ያለ ግብ አለቀ።

ወደ መለያ ምት ተሄደ። ለብራዚል ማይኮን የተባለው ተጫዋች ኳሷን ከአግዳሚው በላይ ሰደዳት። ቀጥሎ አሌክስ ቴሼራ መጣ፤ ዳንኤል አጄይ አዳነበት። ኢማኑኤል አጌማንግ ባዱ የመጨረሻዋን መትቶ አስገባ፤ 4 ለ 3። ጋና ይህን ዋንጫ የወሰደች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሀገር ሆነች።

በዚያ ማታ በብራዚል ወገን አላን ካርዴክ የሚባል አጥቂ ነበር። ከ3 ወር በኋላ፣ በጥር 2002፣ ለሊዝበኑ ቤንፊካ ፈረመ። በዚያው ዓመት ቤንፊካ የፖርቱጋል ሻምፒዮን ሲሆን፣ ካርዴክ በአውሮፓ ሊግ ማርሴ ላይ በ90ኛው ደቂቃ የማለፊያዋን ግብ አገባ። ይሁን እንጂ ቋሚ ቦታ አላገኘም። በውሰት ወደ ሀገሩ ሳንቶስ ተላከ፣ ኋላ ወደ ፓልሜራስና ሳኦ ፓውሎ፣ ከዚያም ወደ ቻይና ሄደ።

ዳንኤልን ደግሞ የአክራው ሊበርቲ ፕሮፌሽናልስ ነበር ያሳደገው፤ ማይክል ኤሲየንና አሳሞአ ጅያን የወጡበት ክለብ። ካይሮ ላይ ያሸነፈው ልጅ ከጥቂት ወራት በኋላ በደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ የጋና ዋናው ብሔራዊ ቡድን አባል ሆነ። ጋና ሩብ ፍጻሜ ደርሳ በጆሃንስበርግ በኡራጓይ በመለያ ምት ተሸነፈች። የመለያ ምት ጀግናው ዳንኤል ያንን ሽንፈት ያየው ከተጠባባቂ ወንበር ነው። ከበሩ ሥር ሪቻርድ ኪንግሰን ነበር።

የበረኛ ዕጣ ይህ ነው። አጥቂ ሦስት ቢሆን ሦስቱም ሊሰለፉ ይችላሉ፤ አማካይ አራትም አምስትም ይሆናል። በረኛ ግን ቡድን ውስጥ ሦስት ቢኖር የሚቆመው አንድ ነው። የቀሩት ሁለቱ ወይ ይጠብቃሉ ወይ ቦታ ወዳለበት ይሄዳሉ። ዳንኤል ሄደ። በሀገሩ ለሜዲአማ፣ በታንዛኒያ ለሲምባ ተጫወተ፤ በ2010 የውድድር ዓመት ጅማ ደረሰ።

ብራዚል ሰው የምትልከው ወደ ፖርቱጋል ነው

የካርዴክ መንገድ ለብራዚል አዲስ አይደለም። ብራዚላዊ ወጣት ወደ አውሮፓ ሲያማትር መጀመሪያ የሚታየው ፖርቱጋል ነው። ቋንቋው አንድ ነው፤ ልጁ ልምምድ ላይ አሠልጣኙ የሚለውን ይሰማል፣ ገበያ ወጥቶ ዳቦ ይገዛል፣ እናቱን በስልክ ሲያነጋግር አልቅሶ አያድርም። ክለቦቹም ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ልጁን በጥቂት ዋጋ ያመጣሉ፣ በሁለት ሦስት ዓመት ያበስሉታል፣ ለትልቁ ሊግ በብዙ ዋጋ ያሳልፉታል።

ማሪዮ ጃርዴል በፖርቶ መለያ 4 ተከታታይ ዓመት የፖርቱጋል ኮከብ ግብ አግቢ ነበር፤ ኋላም በስፖርቲንግ መለያ በአንድ የሊግ ዓመት 42 ግብ አገባ። ዴኮ ወደ ቤንፊካ መጥቶ ቦታ አጣ፤ በትንንሽ ክለቦች ዞሮ በፖርቶ ተነሣ፣ ከፖርቶ ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። ፔፔ ከማሴዮ ተነሥቶ በጉርምስናው ማዴራ ደሴት ላይ ማሪቲሞ ገባ፤ ከፖርቶ ወደ ሪያል ማድሪድ ሲሄድ ዋጋው 30 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። ዴኮና ፔፔ ለፖርቱጋል ብሔራዊ ቡድን ተጫወቱ፤ እንጀራ ፍለጋ የሄዱበት ሀገር ሀገራቸው ሆነ።

ለጅማ ሰው ይህ ታሪክ ሩቅ ሊመስለው አይገባም። ብራዚል የምትሸጠው የአረቢካ ቡና የእኛ ጫካ ዘር ነው። አረቢካ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ወጥቶ በየመን አልፎ፣ በአውሮፓውያን መርከብ አሜሪካ ምድር ደርሶ፣ በ1727 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ ጉያና ወደ ብራዚል ገባ። ዛሬ ብራዚል ከዓለም ቡና ሲሶውን ያህል ታመርታለች። ዘሩ ሲወጣ ማንም አልመዘገበም፤ ለዘሩ ባለቤት የተቆረጠ ደረሰኝም የለም።

ሂርማታ እንግዳ ያውቃል

ክለቡ ስሙን የወሰደው ከንጉሥ አባ ጅፋር ሁለተኛ ነው። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የጅማ ገዥ ሆነው ከጅሬን ቤተ መንግሥታቸው አስተዳደሩ። ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን አስጠበቁ። ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ከከተማው ወጣ ብሎ በኮረብታው ላይ በእንጨት ሰገነቱ ቆሟል። ከሥሩ የነበረው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከሐረር የሚመጣ ነጋዴ የሚገናኝበት ነበር። የዛሬዋን ጅማ የወለደቻት ያች ገበያ ናት። ከተማዋ ከመሠረቷ ከእንግዳ ጋር የኖረች ናት።

ስለዚህ በአባ ጅፋር ስም በሚጠራ ክለብ ውስጥ ናይጄሪያዊ ግብ ሲያገባና ጋናዊ ግብ ሲጠብቅ ነገሩ ለከተማዋ እንግዳ አይሆንም። ነገር ግን የሂርማታን ታሪክ ስናነሣ በሙሉ ማንሣት አለብን። በዚያች ገበያ ቡና፣ ማር፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልተሸጠም፤ ሰውም ተሸጧል። ከጊቤ ማዶና ከደቡብ የተነጠቁ ሰዎች በዚያ አልፈዋል።

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። በኳስ ወሬያችን «ክለቡ ተጫዋቹን ሸጠው» እንላለን። ቃሉ ልማድ ሆኖ በአፋችን ቀላል ነው። ነገር ግን በሕግ የሚሸጥ ሰው የለም። የሚተላለፈው ውል ነው፤ ክለቡ ገንዘብ የሚቀበለው ውሉ ሳያልቅ ተጫዋቹን ስለለቀቀ ነው። ውሉ ካለቀ ተጫዋቹ የራሱ ሰው ነው፤ ያለ ዝውውር ክፍያ ወደ ፈለገበት ይሄዳል።

ሕጉ እንግዳውን የሚጠብቅበት ሌላም መንገድ አለው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ የፊፋ ደንብ ተጫዋች የ2 ወር ደመወዝ ካልተከፈለው ለክለቡ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ጽፎ፣ ክለቡም ካልከፈለ ውሉን በበቂ ምክንያት እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል። ይህ አንቀጽ በወረቀት ላይ ደረቅ ይመስላል። በባዕድ ከተማ ለሚኖር፣ የቤት ኪራይ ለሚከፍል፣ ወር በመጣ ቁጥር ለእናቱ ለሚልክ ሰው ግን ጣራ ማለት ነው። በሀገራችን የደመወዝ መዘግየት ወሬ በየዓመቱ ይሰማል፤ በወሬው ውስጥ ያለው ሰው ግን ስሙ እንኳ ሳይነሣ ያልፋል። ደጋፊ ተጫዋችን በ90 ደቂቃ ይመዝናል፤ የቀረውን ቀን እንዴት እንደሚያድር የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

በነሐሴ 2011 ዓ.ም የተጫዋቾች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተበጀለት። በጊዜው ምንዛሪ ይህ ከ2 ሺህ ዶላር ያንሳል። ክለቦችን ከዕዳ ለማዳን የታሰበ ነበር፤ ሐሳቡም ከእውነተኛ ችግር የመነጨ ነው። እንደ ኦኪኪና እንደ ዳንኤል ላለ ከሩቅ ለሚመጣ ባለሙያ ግን ኢትዮጵያን መምረጥ ከቀድሞው ከበደ።

4 ዓመት

ሻምፒዮኑ ጅማ አባ ጅፋር በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ መጀመሪያ ጅቡቲ ቴሌኮምን አለፈ። ቀጥሎ የደረሰው ከካይሮው አል አህሊ ጋር ነው፤ አፍሪካ ውስጥ ከእሱ የበለጠ ዋንጫ ያነሣ ክለብ የለም። በታኅሣሥ 2011 ግብፅ ላይ 2 ለ 0 ተሸንፎ፣ ወደ ሀገሩ ተመልሶ 1 ለ 0 አሸነፈ። በድምር ወደቀ። ቢሆንም ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት በታችኛው ሊግ ይጫወት የነበረ ክለብ አህሊን አሸንፎ ከሜዳ ወጣ። ያን ቀን ከአጋሮ እስከ ሰርቦ፣ ከሊሙ ገነት እስከ ሰቃ ጮቆርሳ ያለው ሰው ራሱን ቀና አድርጎ አደረ።

በ2014 ዓ.ም ጅማ አባ ጅፋር ከፕሪምየር ሊጉ ወረደ። ከዋንጫው እስከ መውረዱ 4 ዓመት ነው።

ቡና የሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ወዲያው ይታየዋል። የቡና ችግኝ ተተክሎ እሸት እስኪሰጥ 3 ወይም 4 ዓመት ይፈጃል። አንድ ችግኝ ፍሬ በሚያፈራበት ጊዜ ክለቡ ወጥቶ ወረደ። እኔ እንደማምነው ስሕተቱ እንግዶቹን ማምጣት አልነበረም። እንግዳው ዋንጫ አምጥቷል፤ ምስጋና ይገባዋል። ስሕተቱ እንግዳው በመጣበት ቀን ከጎኑ ችግኝ አለመተከሉ ነው። በዓለም ፍጻሜ መለያ ምት ያዳነ በረኛ ጅማ ውስጥ ሲኖር፣ በየቀኑ ከልምምድ በኋላ አንድ ሰዓት ከአሥር የጅማ፣ የአጋሮና የሊሙ ታዳጊ በረኞች ጋር እንዲቆም ማድረግ ምን ያህል ያስወጣ ነበር? በውሉ ውስጥ አንድ መስመር መጻፍ በቂ ነበር።

ጅማ ይህን ሥራ በቡና አሳምራ ሠርታዋለች። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ ሀገራችን ገባ፤ ለጋው ፍሬ ሳይበስል ጠቁሮ ይረግፍ ጀመር። ጅማ አጠገብ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች መፍትሔውን ከውጭ አላስመጡም። ወደ ጫካ ገቡ። ጎረቤቱ ሁሉ ሲጠቁር ቀይ ፍሬ ይዞ የቆመውን ግንድ በዓይናቸው ፈልገው ምልክት አደረጉበት፣ ዘሩን አምጥተው ፈተኑት። በዚህ መንገድ ከተገኙት ዝርያዎች ዝነኛው 74110 መነሻው መቱ አካባቢ ያለው የቢሻሪ ደን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የተመረጠበትን ዓመት፣ 1974 እ.ኤ.አ.ን ይናገራሉ። ዛሬ በጅማና በኢሉ አባቦራ ገበሬ ማሳ ላይ 74110ን በቁጥሩ የማይጠራ የለም።

ኳስም ከዚህ የተለየ ጥበብ አይጠይቅም። ወደ ጫካው ገብቶ ማየት፣ ጤነኛውን ግንድ ለይቶ ምልክት ማድረግ፣ ቁጥር መስጠት፣ መከታተል ነው። በአንድ እግሩ ኮንጎ አጥልቆ በግራው የሚዘለው ልጅ አንድ ግንድ ነው።

የእኛ ልጆች ሲሄዱ

የእኛም ሰው ሄዷል። የአዳማው ፍቅሩ ተፈራ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ደቡብ አፍሪካን፣ ቼክንና ፊንላንድን አዳረሰ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የህንድ ሱፐር ሊግ ሲጀመር በውድድሩ ታሪክ የመጀመሪያዋን ግብ ለኮልካታ ያገባው እሱ ነው። ሳላዲን ሰይድ በግብፁ ዋዲ ዴግላ በኩል ወደ ቤልጂየሙ ሊየርስ፣ ኋላም ወደ አል አህሊ ሄደ። በቡና ምድር በዲላ ያደገው ጌታነህ ከበደ ለደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ተጫወተ። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ አቀና። ከሴቶቹ የዱራሜዋ ሎዛ አበራ በማልታው ቢርኪርካራ መለያ በአንድ የውድድር ዓመት 30 ግብ አግብታ ክለቧን ሻምፒዮን አደረገች።

ለብራዚል ልጅ ፖርቱጋል የሆነው ለእኛ ልጅ ግብፅና ደቡብ አፍሪካ ናቸው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ብራዚላዊው በቋንቋው ሲሄድ የእኛው በምልክት ሲጀምር ነው። ሌላው ልዩነት ደግሞ ብራዚላዊው ሲሄድ ያሳደገው ትንሽ ክለብ ድርሻውን ቆጥሮ መቀበሉ ነው። ይህኛው ልዩነት ግን በእጃችን ያለ ነው።

ሚዛኑና ደብተሩ

ፊፋ ሶሊዳሪቲ የሚለው ክፍያ አለው። ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በገንዘብ ከአንድ ሀገር ክለብ ወደ ሌላ ሀገር ሲዘዋወር፣ ከዝውውሩ ገንዘብ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ድረስ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ ነው። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ተጫዋቹ በተዘዋወረ ቁጥር ይደገማል።

በአጋሮ ሒሳብ እናስላው። አንድ በፌዴሬሽን የተመዘገበ የከተማ ክለብ አንድን ልጅ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ 18 እስኪሞላው አሳደገው እንበል። ከ12 እስከ 15 ያሉት 4 ዓመታት 1 በመቶ፣ 16ኛውና 17ኛው ዓመት ሌላ 1 በመቶ፤ በድምሩ 2 በመቶ። ያ ልጅ አድጎ በ100 ሺህ ዶላር ከሀገር ወደ ሀገር ቢዛወር ክለቡ 2 ሺህ ዶላር ይደርሰዋል። በሚሊዮን ዶላር ቢዛወር 20 ሺህ። ይህ ገንዘብ ስንት ኳስ፣ ስንት ጓንት፣ ስንት ጫማ እንደሚሆን ማንም የወረዳ አሠልጣኝ ሳይጽፍ ያሰላዋል።

የጅማ ገበሬ ይህን አሠራር ከእኔ የተሻለ ያውቀዋል። አጋሮ ዙሪያ ያሉ የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራት በዚሁ መንገድ ይሠራሉና። ገበሬው እሸቱን ሲያስረክብ የመጀመሪያውን ዋጋ ይቀበላል። ማኅበሩ ቡናውን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ወደ ውጭ ልኮ ሲያተርፍ በዓመቱ መጨረሻ ትርፉን በኪሎው ልክ ያከፋፍላል። ቀድሞ የዚህ አካባቢ ቡና ጀንፈሉ ተደባልቆ «ጅማ 5» በሚል ደረጃ ስም አልባ ሆኖ ይወጣ ነበር። ማጠቢያ ጣቢያ ሲተከልና እያንዳንዱ ማኅበር በራሱ ስም መሸጥ ሲጀምር ዋጋው ተለወጠ። ዱሮሚና የተባለው የአጋሮ ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ። ዛፉም ዝናቡም የድሮው ነበር። የተጨመረው የማጠብ ሥራና የተጻፈ ስም ነው።

የትርፍ ክፍፍሉ ሁሉ የሚቆመው በዚያ ደብተር ላይ ነው። ስምህና ኪሎህ ካልተጻፈ ድርሻ የለህም። የሶሊዳሪቲ ክፍያም እንዲሁ ነው። ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ፊፋ ክፍያውን የሚያስተላልፍበት የራሱ ማዕከል አቋቁሟል፤ ማዕከሉ የሚጠይቀው የተጫዋቹን ኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት ነው። በዚያ ላይ ልጁ 12 ዓመት ከሞላው ጀምሮ የት፣ መቼ፣ ለማን እንደተጫወተ ይሰፍራል። መረጃው የሚመጣው ከሀገሩ ፌዴሬሽን ነው፤ ፌዴሬሽኑ የሚያገኘው ከክለቡ ነው፤ ክለቡ የሚያገኘው ደግሞ ሜዳ ዳር ከሚቆመው አሠልጣኝ ደብተር ነው። ደብተሩ ከሌለ መስመሩ ባዶ ይቀራል፤ ባዶ መስመር ደግሞ ድርሻ አይጠይቅም።

ዳንኤል አጄይን ስናነሣ ሊበርቲ ፕሮፌሽናልስን የምናነሣው በአክራ አንድ ሰው ስሙን ስለጻፈ ነው። ካርዴክን ከሪዮ ዴ ጃኔሮ እስከ ሊዝበን፣ ከሊዝበን እስከ ቻይና ዓመት በዓመት መከታተል የሚቻለውም በየጣቢያው ደብተር ስላለ ነው። ለእንግዶቹ የተደረገው ለአጋሮው ልጅ የማይደረግበት ምክንያት የለም። የወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር፣ የሰፈሩ ቡድን አሠልጣኝ፣ እያንዳንዳቸው የልጁን ሙሉ ስም፣ የተወለደበትን ቀንና መጫወት የጀመረበትን ወር ጽፈው፣ ቡድኑን በፌዴሬሽን አስመዝግበው ቢጀምሩ፣ የመጀመሪያው ችግኝ ተተከለ ማለት ነው። ለ2010ሩ ዋንጫ እንግዶቹን በእውነት የምናመሰግነው፣ እንደ እነሱ የሚሄድ የራሳችንን ልጅ ስናዘጋጅ ነው።

አጋሮ ላይ መሸ። መዛኙ የመጨረሻውን ጆንያ ጠራ፤ ጸሐፊው ጻፈ፣ ደረሰኝ ቆረጠ። ልጆቹ ኳሳቸውን ይዘው ሊበተኑ ነው። ትንሹ በረኛ በአልጋዎቹ መሀል ሲያልፍ ወረፋው ፊት ቆም ብሎ የሚዛኑን መርፌ አየ። ጠጋ ብዬ ስሙን ጠየቅሁት። ከአባቱ ስም ጋር ነገረኝ። ዕድሜውን ስጠይቀው በጥር ወር አሥራ ሁለት ዓመት እንደሚሞላው ነገረኝ።

የያዝኩትን ደብተር ከፍቼ በአዲስ ገጽ ላይ ጻፍኩለት፤ ስሙን፣ ወሩን፣ የሜዳውን ቦታ። ገጹን ቀድጄ ሰጠሁትና ለአሠልጣኙ እንዲሰጥ ነገርኩት። ልጁም ወረቀቱን እንደ ገበሬዎቹ አራት ጊዜ አጠፈው፤ ደረት ኪስ ስላልነበረው በመዳፉ ጨብጦት ወደ ቤቱ ሮጠ።